ስድሳው አለ

ዶክተር ልዑልሰገድ ሙቀትን የሚያጠናው ኤሲ ባለበት ነው። ስለዚህ ጉባኤው አርባ ምንጭ ላይ፣ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል በሚያይ ሆቴል ተጠራ። አዳራሹ ከመቀዝቀዙ የተነሣ ተሳታፊዎቹ ኮት ደርበው «ዕፅዋት ለሙቀት መጨመር የሚሰጡት ምላሽ» ከሚል ባነር ሥር ተቀምጠዋል። ሐይቆቹን ያየ ሰው አልነበረም፤ መጋረጃው ተዘግቷል።

በሁለተኛው ቀን ተራው የዶክተሩ ሆነ።

ከስምንት ወር በፊት ዶክተሩ ስድሳ የአፕል ችግኝ ከብርዳማው ጨንቻ አስወርዶ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እንኳ በሚያልበው ሙቀት ውስጥ አስተክሎ ነበር። አፕል ብርድ ይወዳል። ሥራው ስንቱ በስንተኛው ቀን እንደሚሞት መቁጠር ብቻ ነበር።

«አንድም አልሞተም!» አለ ዶክተሩ ጣቱን ቀስሮ። «አንድም!»

ተጨበጨበ።

እርግጥ ችግኞቹ አላደጉም። ይባስ ብሎ አንዳንዶቹ አጥረዋል። ቁጥር 17 በሦስተኛው ወር ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በአራተኛው ወር ስድሳ አምስት ሆነ። ተራ ሰው ቢሆን ግራ ይገባው ነበር። ዶክተሩ ግን ተራ ሰው ስላልሆነ ስም አወጣለት፦ «ስልታዊ መሰብሰብ»። ተክሉ ሙቀቱን አይቶ ራሱን ይሰበስባል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር «ድንቅ ነው» እያሉ ማስታወሻ ያዙ። ይህ ግኝት ተቀባይነት ካገኘ ዶክተሩም ፕሮፌሰር ይሆናል። ቢዝነስ ካርዱን ከወዲሁ አሳትሟል።

እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማሳው ዘበኛ።

ዘበኛው ካሱ የጨንቻ ሰው ነው። አራት ልጆች አሉት፤ ሌላ ገቢ የለውም። በተቀጠረ ዕለት ዶክተሩ ስድሳውን ችግኝ ቆጥሮ አስረከበውና፣ «አንዷ ብትሞት አንተም እዚህ የለህም» አለው። ካሱ ፈረመ። ርክክብ ያውቃል፤ ቀድሞ እርሻ ጣቢያ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲጠብቅ የተሰበረ የአካፋ እጀታ እንኳ ለንብረት ክፍል ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው ለምን የዘበኛ ጎጆውን ቆልፎ፣ ራሱ ማንጎ ሥር ያድራል? ለምን በየሳምንቱ ጨንቻ ይወጣል? ወንድሙ እዚያ የአፕል ችግኝ አፍልቶ እንደሚሸጥ ሁሉም ያውቃል። የቁጥር ሰሌዳዎቹስ? ዶክተሩ በገዛ እጁ ጽፎ በሰማያዊ ሽቦ ያሰራቸው አንድ በአንድ ጠፍተው፣ ከቢጫ ጀሪካን ተቆርጠው በቃጫ የታሰሩ ተተክተዋል።

አንድ ቀን ጠይቆት ነበር። «ሰሌዳዎቼን የት አደረስካቸው?»

«አለ፣ ዶክተር። ምንም አልጠፋም» አለ ካሱ መሬት መሬት እያየ።

«ሽቦ የሚሰርቅ ሰው አጋጥሞሽ ያውቃል?» አለ ዶክተሩ ወደ ረዳቱ ወደ ፀደይ ዞሮ። ፀደይ ሁለተኛ ዲግሪዋን በእሱ ሥር የምትሠራ ልጅ ናት፤ ሲቀልድ መሳቅ አለባት። ሳቀች።

አሁን በሻይ ሰዓት ስልኳን ይዛ መጣች።

«ዶክተር፣ ጋሽ ካሱን ትናንት መናኸሪያ አየኋቸው።»

በፎቶው ላይ ካሱ ከጨንቻው መኪና አጠገብ ጆንያ ታቅፎ ቆሟል። ከጆንያው አፍ አረንጓዴ የአፕል ቅጠል ብቅ ብሏል።

«ያዝኩት!» አለ ዶክተሩ።

«ግን ማሳውን ዛሬ ጠዋት ቆጥሬዋለሁ። ስድሳውም አለ።»

«ሞኝ አትሁኚ። ሙሉውን ለምን ይነቅላል? ቅርንጫፍ እየቆረጠ ለወንድሙ ያቀብላል፤ ወንድሙ ደግሞ ያባዛል። ሙቀት የሚችለውን ዝርያዬን እየቸበቸቡት ነው! ጎጆው ውስጥ ምን እንደቆለፈ አሁን ገባሽ?»

ለፖሊስ መደወል ይችል ነበር። ግን ፖሊስ አያጨበጭብም። ከሰዓት በኋላ ጉባኤተኛው ማሳውን ሊጎበኝ ስለነበር፣ ሌባውን በሁሉ ፊት ሊያጋልጠው ወሰነ።

ካሱ ሁለቱ ሚኒባሶች ሲደርሱ ባርኔጣውን አውልቆ የማሳው በር ላይ ቆመ። እንግዶቹ ቁጥር 17ን ከበው ፎቶ ተነሡ። ፕሮፌሰሩ ጎንበስ ብለው፣ «በስምንት ወሩ ገና ትናንት የተተከለ ይመስላል እኮ!» ብለው አደነቁ።

«ክቡራን» አለ ዶክተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የአንድ ግኝት ዋጋ የሚታወቀው ሌባ ሲመኘው ነው። ፀደይ፣ በስልክሽ ቅረጪ። ካሱ፣ ጎጆዋን ክፈት!»

ካሱ ወደ ዶክተሩ ጠጋ አለ። «ዶክተር፣ በእናትዎ። እንግዳው ይሂድና ለእርስዎ ብቻ ላሳይዎት።»

«እዚሁ፣ አሁኑኑ!»

«አራት ልጅ አለኝ፣ ዶክተር።»

«ይሄን ሳትሰርቅ ነበር ማሰብ።»

«እኔ አልሰረቅኩም። ስድሳ ብለው አስፈረሙኝ፤ ስድሳው አለ። እርስዎ ከሰጡኝም አንዷን አልጣልኩም።»

«ክፈት አልኩህ!»

ካሱ ከአንገቱ ላይ ቁልፉን አወለቀ። ዶክተሩ ፕሮፌሰሩን በክንዳቸው ይዞ፣ በደንብ እንዲያዩ ከፊት አቆማቸው። ራሱም ለካሜራው እንዲመች ኮቱን ቆለፈ።

በሩ ሲከፈት፣ ዐሥር ዐሥር እየሆነ በቃጫ የታሰረ የደረቀ የአፕል ችግኝ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ታየ፤ ከፊት ባለው እስር ላይ፣ በዶክተሩ እጅ «ቁጥር 17» ተብሎ የተጻፈው ሰሌዳ በሰማያዊ ሽቦው እንደታሰረ ነው።