ዝም ያለው ገንዳ

«ሞቷል!» ይላል አባቷ፣ ጆሮውን ወደ አሲዱ ገንዳ አዘንብሎ። «ዝም ብሏል እኮ! አሲዴን ገደልሽው።»

«አልሞተም፣ አባዬ። እባክህ ትንሽ ታገሥ።»

ታገሥ ትበል እንጂ እሷም እርግጠኛ አይደለችም። አሲዱ ላይ የጨመረችው ነገር ላብራቶሪ ውስጥ፣ በትንሽ ብልቃጥ፣ በብረት ቁራጭ ላይ ስንት ጊዜ ሠርቶላታል። ይሄ ግን የአባቷ ገንዳ ነው፤ ውስጡ ያለውም የአባቷ ልፋት።

በዚህ ወርክሾፕ አሲድ የሚለካው በጆሮ ነው። የዛገ ብረት ሲገባበት ይንሿሿል፣ አረፋው ይፍለቀለቃል፣ ትነቱ የሰዉን ሁሉ ጉሮሮ ይቧጭራል። ድምፁ ከበረታ ሥራው እየሄደ ነው፤ ከደከመ አሲድ ይጨመራል። አባቷ ይህን የተማረው ከአባቱ ነው። ችግሩ አሲዱ ዝገቱን በልቶ አይጠግብም፤ ወደ ጤነኛውም ብረት ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ለጌጥ በእጁ ቀጥቅጦ የሠራቸውን ስስ የብረት ቅጠሎች ወንፊት አድርጎ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ቅጠል የሚባል ነገር አልሠራም። ወፍራም ዘንግ ብቻ፤ በር፣ አጥር፣ ደግሞ በር፣ ደግሞ አጥር።

ኬሚስት ልጁ ግን ችክ አለች። የብርቱካን ልጣጭ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተጣርቶ አሲዱ ላይ ሲጨመር፣ ከልጣጩ የወጣው ነገር ብረቱ ላይ እንደ ስስ ልብስ ይለጠፋል፤ ዝገቱ ይለቃል፣ ብረቱ አይነካም። ይህን ስታስረዳ የወርክሾፑ በያጅ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጋሼ፣ ወርክሾፑን ጁስ ቤት ልታደርግልህ ነው!» አባቷም አብሮ ሳቀባት። በማግስቱ ግን ማንንም ሳያማክር መዶሻውን አንሥቶ ቅጠል መቀጥቀጥ ጀመረ። ክረምቱን ሙሉ የለፋበት፣ በእርጥበቱ የዛገው የመስኮት ፍርግርግ፣ ከነሐረጉ ከነቅጠሉ፣ አሁን እዚያ ዝም ያለ ገንዳ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልጨምርበት?» ይላል በያጁ፣ የአሲዱን ጀሪካን አንሥቶ።

አባቷ ጀሪካኑን ያያል፣ እሷን ያያል። እጁ ለምዶበት ሊቀበል ይዘረጋል፤ ከዚያ መልሶ ይሰበስበዋል።

«ተወው። ዛሬ ገንዳው የሷ ነው።»

እንባዋ ይመጣል። ከአሲዱ ነው እንዳትል፣ ዛሬ ትነቱም ጠፍቷል።

ሰዓቱ ሲደርስ የገንዳው ሰንሰለት ይጎተታል። ፍርግርጉ ጥቁር ውሃ እያንጠባጠበ ይወጣል፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ታጥቦ እንደገና ብቅ ይላል። በያጁ ጀሪካኑን አስቀምጦ ይጠጋል። ዝገት የለም። ቅጠሎቹ አንድም ሳይጎድሉ ተደርድረዋል፤ አባቷ በመሮ የጫረው ቀጭን መስመር እንኳ አልጠፋም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት ምን ነበር?» ይላል አባቷ ቀስ ብሎ።

«አብዛኛው ብረቱ ሲበላ ነው፣ አባዬ። ዝገቱ ያን ያህል አይጮኽም።»

«እኔ ደግሞ ‹ጎበዝ፣ ሥራ!› እለው ነበር!»

ሳቁ ይመጣበታል፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል፣ እነሱንም ያስቃቸዋል። ጓንቱን አውልቆ የአንዱን ቅጠል ጠርዝ በጣቱ ይከተላል። ድንገት «ውይ!» ብሎ እጁን ይስባል።

«አባዬ! አሲድ ነካህ?»

«የምን አሲድ! ቆረጠኝ!» የደማውን ጣቱን ከፍ አድርጎ ለእሷ ያሳያል፣ ለበያጁ ያሳያል፣ ፊቱ በርቷል። «ቆረጠኝ እኮ! ስለቱ እንዳለ ነው!»

ጨርቅ ይዛ ልትጠርግለት ትሞክራለች፤ የት ይቆምላታል። ጣቱን ለእሷ ትቶላት፣ በሌላው እጁ ከግድግዳው ጥግ ለአዲስ ቅጠል ከላሜራዎቹ ሁሉ ስሱን እየጎተተ ነው።