ባሌ እንዲህ አለ

ኦንዲና በሳን ኸርማን ከተማ የምትኖር ጡረተኛ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። የምግብ ብሎግ መጻፍ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የራሷን አሠራር አትጽፍም። ሌሎች ብሎገሮች የጻፉትን በቤቷ ትሠራና እንዴት እንደወጣላት ትናገራለች። የማንን እንደሠራች ሳትጠቅስና ሳታመሰግን የለጠፈችው አንድም የለም።

ሰው የሚወደው ግን የመጨረሻውን መስመር ነው። በየጽሑፉ ግርጌ «ባሌ እንዲህ አለ» የሚል አለ። ባሏ ሄርሚኒዮ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ዝምተኛ ሰው ነው። ስለ ምግብ ሲናገር ግን ሌላ ሰው ይሆናል። «ነጭ ሽንኩርቱ ቀድሞ ያወራል፤ ሥጋው ተራውን እየጠበቀ ነው» ያለ ጊዜ አንዲት አንባቢ ለእሷም እንዲህ ያለ ባል እንዲፈልጉላት ጻፈች። ኦንዲና ይህን ለሰው ሁሉ አነበበች።

ድሮ ሄርሚኒዮ ገና አፉ እንደሞላ ነበር የሚፈርደው። ኋላ ላይ ረጋ አለ። ረቡዕ ይበላል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው።

«ምግብ ሳያድር አይዳኝም» ይላል።

ሐሙስ ሐሙስ ከድሮ ሹፌሮች ጋር ዶሚኖ ሊጫወት ወደ ጎረቤት ከተማ ማያጉዌዝ ይወርዳል። ከረቡዑ ምግብ በሣህን ይዞ ይሄዳል፤ «ለልጆቹ» ይላል። ልጆቹ የሚላቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ኦንዲና ደስ እያላት ጨመር አድርጋ ትቋጥርለት ነበር።

አንድ ሰኞ የአክስቷ ልጅ ሚግዳልያ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ይችን ዞራይዳ የምትባል ብሎገር ታውቂያታለሽ?»

«የማያጉዌዟን? አራት ምግቧን ሠርቻለሁ። ባይኔ ግን አላየኋትም።»

«ሣህንሽ ግን አይቷታል።»

ፎቶው የዞራይዳ ነው። ፊት ለፊት የካሳቫ ኬክ አለ። ከኬኩ ኋላ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ሰማያዊ ክዳን ያለው ሣህን ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ ኦንዲና ዕቃዋ እንዳይጠፋ በጥፍር ቀለም የጻፈችው ቀይ «ኦ» ይታያል።

ኦንዲና ስልኩን መለሰችላት።

«ስንት የማያጉዌዝ ሴት ስሟ በኦ ይጀምራል።»

«ሰውዬሽ ባለፈው የተበላሸ ወተት ጭልጥ አድርጎ ሲጠጣ አላየሁትም? አንቺ የራስሽን አሽትተሽ ደፋሽው፤ እሱ ከንፈሩን ጠረገ። ልቡ እዚህ የሌለ ሰው ነው እንዲያ የሚሆነው።»

«አርጅቷል።»

«ለእኛ ነዋ ያረጀው!»

ኦንዲና አላለቀሰችም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። ያንገበገባት ሌላ ነገር ነው። እጇ ተቃጥሎ የሠራችውን ምግብ፣ በሷው ሣህን፣ ያቺን ሴት ያጎርሳል።

ረቡዕ ዕለት ከራሷ ከዞራይዳ ብሎግ የሸርጣን ሩዝ መረጠች። ሸርጣኑን ፈለፈለች፤ ቃሪያውንና ቲማቲሙን አቁላላች፤ ሁሉንም እንደተጻፈው አደረገች። በመጨረሻ ሁለት ጭብጥ ጨው ጨመረችበት። ትብላው፣ አለች በልቧ።

ማታ ሆዴን አመመኝ ብላ ሳትበላ ቀረች። ሄርሚኒዮ ሣህኑን አየ፤ ከዚያ የእሷን ፊት አየ። መብላት ጀመረ። ኦንዲና ማንኪያውን እስኪጥል ጠበቀች። አልጣለም። ጨርሶ ደገመ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ነገ እነግርሻለሁ የኔ እመቤት።»

በደለኛ ሰው ኮሶ ቢቀርብለትም አመስግኖ ይጠጣል፣ ብላ አሰበች። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

ሐሙስ ጠዋት ሣህኑን ቋጠረችለት። ገና የሄርሚኒዮ ፒካፕ መኪና ከመታጠፊያው ሳይሰወር የሚግዳልያ መኪና ደጃፉ ላይ ደረሰች።

«ብቻ እንዳትጮኺ» አለች ሚግዳልያ። «እጅ ከፍንጅ እንይዛቸዋለን፤ ከዚያ እኔ ነኝ የምጮኸው።»

ከኋላ ተከተሉት። ሄርሚኒዮ ማያጉዌዝ ደርሶ ዶሚኖ ቤቱን አልፎ ሄደ። አንዲት ቢጫ ቤት ፊት ፒካፑን አቁሞ ሣህኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ። ሳያንኳኳ ነው የገባው። ሠላሳ አንድ ዓመት የራሱን ቤት እንኳ አንኳኩቶ ነው የሚገባው።

ሁለቱ ሴቶች በጓሮ ዞሩ። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው። ዞራይዳ ወፍራም፣ ሽበቷን ያልቀባች፣ ሽርጥ የታጠቀች ሴት ናት። ሄርሚኒዮ ከፊቷ ተቀምጦ ደብተር ዘርግቷል። ኦንዲና ሌላ ዓይነት ሴት ጠብቃ ነበር። ደብተሩን ደግሞ ጨርሶ አልጠበቀችውም።

ዞራይዳ አንድ ማንኪያ ጎረሰች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ወደ ቧንቧው ሮጣ ሁለት ብርጭቆ ውኃ በላይ በላዩ ጠጣች።

«ቅድስት ማርያም! ትናንት ይኼን በላኸው?»

«ሁለት ሣህን። ምነው?»

«ሚስትህን ምን አድርገሃታል?»

«ምንም። ሆዷን አሟት ነበር፤ ክፉኛ አሳስቦኛል።» እርሳሱን በምላሱ አርሶ ደብተሩን ገለጠ። «በይ እንግዲህ፣ ዛሬ ምን ብዬ ልንገራት?»

«እውነቱን ንገራት።»

ሚግዳልያ ለመጮኽ አፏን ከፈተች። ኦንዲና በመዳፏ አፈነቻት።

«እሱንማ እንዴት ብዬ፣ ዞራይዳ» አለ ሄርሚኒዮ፤ «አፌ ጨውን ከስኳር መለየት ካቆመ እኮ ሦስት ዓመቱ ነው።»