ሁለተኛው ጎል

ባልየው ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ እጁን ወደ ግድግዳው መደርደሪያ ሰደደና ያገኘውን ጨርቅ አወጣ። ጠቅልሎ ኳስ አደረጋት። "ይኸውልህ" አለው ከአቦከር ሰፈር ለመጣው እንግዳ፣ ጫት አረንጓዴ ያደረገውን አፉን ሳይዘጋ፤ "የጠቅላይ ግዛቱ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ነው። የተሸነፈ በቃ፣ ወደ ቤቱ! ካቻምና፣ ድሬዳዋ ላይ። የመጀመሪያዋን ጎል አጥቂያችን እንዲህ መታት!" ጥቅልሏን በእግሩ ጠለዛት። በሁለት የቡና ፍንጃሎች መካከል አልፋ ከጫቱ የተረፈው የገረባ ክምር ውስጥ ወደቀች። "ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም!"

ሚስቱ የውሃውን ማሰሮ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ይህን ወሬ ጫት በተቃመ ቁጥር በየበርጫው ሰምታዋለች። ዛሬ ግን ዐይኗ ጥቅልሏ ላይ ተተከለ። እንግዳው እየሳቀ አነሣትና ሲፈታት፣ ጫፏ በክር የተጠለፈ የሕፃን ኮፊያ ሆና ተገኘች።

"የማን ናት?" አለ።

"የልጄ" አለች። "እሱ ኳስ ሊያይ ድሬዳዋ ሲወርድ ልጁ በትኩሳት ይነድ ነበር። በዚያው ቀን ሞተ። ጀናዛውን አውጥቶ የቀበረልኝ ጎረቤት ነው።"

እንግዳው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ኮፊያዋን በሁለት እጁ መለሰላት። የተጣበቀባትን ቅጠል አራግፋ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠቻት። ባሏ መሬት መሬት አየ። አሁንስ አንድ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ከክምሩ አንድ ጭብጥ ገረባ አንሥቶ በመዳፎቹ መካከል ያድበለብል ጀመር።

"ሁለተኛውን ጎል ደግሞ ላሳይህ" አለ።