የቀረው ስቲከር

መኝታና ማብሰያ ያላትን ያቺን አሮጌ ካምፐር መኪና የገዛናት ብቻውን ከሚኖር ሰውዬ ነው። ከኋላዋ ቤተሰቡን የሚያሳዩ ትንንሽ ስቲከሮች ነበሩባት። የሴትየዋንና የውሻውን ራሱ ነቅሏቸው ቀለሙ ላይ ቅርጻቸው ብቻ ቀርቷል። ያልተነካው ወንዱ ነው።

እኛ ሰፈር የሌላ ሰው ቤተሰብ ለጥፈሽ መንገድ ብትወጪ መሳቂያ ነው የምትሆኚው። ስለዚህ ባሌ፣ ድራዤን፣ ካምፐሯ ውስጥ ሆኖ ቁም ሳጥኑን ሲወለውል፣ እኔ ስቲከሩን በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ጀመርኩ።

«ኔዳ፣ በምላጭ እንዳትነኪው! ቀለሙ ይላጣል» አለኝ በመስኮቱ።

«አንተ የራስህን ሥራ። እኔ የማደርገውን አውቃለሁ።»

ትንሽ ቆይቶ፣ «ምን ጉድ ነው፣ ላብ አጠመቀኝ እኮ!» አለ።

እኔ ብርዱን ፈርቼ ሁለት ሹራብ ደርቤ ነበር።

«እርጅና ነው» አልኩት።

የስቲከሩ ሰውዬ እግር ከጫፉ ተነሣልኝ። ጨርቅ በወይራ ዘይት ነክሬ ከሥሩ አሸሁት። ሙጫው ሲሟሟ ቀስ ብዬ እስከ ጉልበቱ ላጥኩት።

ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ዱብ አለ።

«ኔዳ፣ ነይ እስቲ… እግሬን ምን ነካው? ከጉልበቴ በታች አይሰማኝም።»

ማድረቂያውን ጥዬ ስቲከሩን በመዳፌ መልሼ ተጫንኩት። እጄን ሳነሣ ተላጠ። ደግሜ ተጫንኩት። ዘይቱ ሙጫውን በልቶታል።

«ኔዳ!»

ገመድ ላይ የተሰጣው የጎረቤት ልብስ መወዛወዝ ጀመረ። ቡራ፣ ኃይለኛው የተራራ ነፋስ፣ ግማሹ ወደተላጠው ስቲከር ቁልቁል እየመጣ ነበር።