የውሰት ፊት

በዚያ ዘመን በኢንተርኔት የሚያክም የሥነ ልቦና ሐኪም የራሱን ፊት አያሳይም፤ በልጅነትህ የጎዳህን ሰው ፊትና ድምፅ ለብሶ ነው የሚመጣብህ። እትዬ ዘርትሁንም ልጃቸው ምንታምር ትዳንላቸው ብለው ፈርመው ፊታቸውን አዋሱ። ደግ ሰው ናቸው፤ ወንፊት ያዋሱትን ጎረቤት እንኳ መልሺልኝ ለማለት ያፍራሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ምንታምር ለሕክምናዋ መኝታ ቤቱን ትዘጋለች፣ እሳቸው ደግሞ ድስት እንዳይንኳኳ እየተጠነቀቁ ወጥ ቤት ሽንኩርት ይከትፋሉ።

ዛሬ የገዛ ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ መጣ።

«በስድስት ዓመትሽ ለአክስትሽ ሰጥቼሽ የሄድኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ልጄ» ይላል፣ እያለቀሰ።

እትዬ ዘርትሁን ይህችን ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያመላልሷት ከአፋቸው አልወጣ ብላቸው ኖረዋል።

ምንታምር ፊቷ በርቶ ወጣች።

«እማዬ፣ ይቅር አልኳት እኮ!»

«እኔንስ?» አሉ፣ ቢላዋውን እንደያዙ እንባቸው እየወረደ። «እኔም እኮ… ይቅር በይኝ ልጄ።»

ምንታምር መክተፊያውን አየችና ሳቀች።

«ተይው ባክሽ እማዬ፣ አንቺን ያስለቀሰሽ ሽንኩርቱ ነው። እሷ ግን ከልቧ ነው ያለቀሰችው።»