ቁጥር አሥራ ሰባት

በመናኸሪያው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ደጃፍ፣ ልጅቷ አዲሱን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ትዳስሰው ነበር። ጫማውን ያመጣችላት ሴትዮ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ «ሥራው ራቅ ያለ ከተማ ነው፣ የኔ ልጅ። ከሄድሽ በኋላ የሚፈልግሽ ዘመድ አለ?» አለቻት። ዘመድ እየመጣ የሚጨቀጭቃትን ሠራተኛ ማን ይቀጥራል? «ማንም የለኝም» አለች ልጅቷ ፈጥና፣ ሙያዋን እንደምትናገር ሁሉ። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ስታይ ልጅቷ ጫማውን መዳሰሷን ተወች።

ወር ሙሉ ደጁ ስታድር አንዲት ቃል ተናግሯት የማያውቀው ዕቃ ጠባቂ በመስኮቱ ብቅ አለ። «ፌስታልሽን አምጪ» አላት። ቁጥር አሥራ ሰባት የተጻፈባቸውን ሁለት ቆርቆሮዎች ከሚስማር አውርዶ፣ አንዱን ፌስታሏ ላይ አሰረ፤ ሌላውን መዳፏ ላይ አኖረ። «እስከ ማምሻው መጥተሽ ካልወሰድሽ ፍለጋ እወጣለሁ» አለና ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «ማን ብዬ እንደምጠይቅ እንዳውቅ፣ እርስዎም ስምዎን ይንገሩኝ።»

ሴትዮዋ ጫማውን ከልጅቷ ጭን ላይ አንስታ ሄደች። ልጅቷ ቆርቆሮዋን ጨብጣ፣ ሕዝቡ እስኪውጣት ድረስ የሴትዮዋን ጀርባ ተመለከተች። በዚያ ወር ሙሉ «የኔ ልጅ» ያለቻት እሷ ብቻ ነበረች።