አሥራ አራት ሰዓት ከሩብ

«አሥራ አራት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል አልኩህ እኮ አባዬ! ስንቴ ልንገርህ?»

ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ ከዚፑ ጋር ትታገል ነበር። ውጭ የሚጠብቃት ታክሲ ጥሩምባውን አንባረቀ። አባቷ ግን ጆሮም አልሰጠው። ሠላሳ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነበር፤ ጡረታ ወጥቶም የመንገድ ደብተሩን ሳይሞላ ከቤቱ ተጓዥ አይለቅም።

«ኪሎ ሜትሩስ?»

«አሥራ አንድ ሺህ ምናምን።»

«ሹፌሩ የት ያርፋል?»

«ፓይለት ነው የሚባለው! ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ይቀያየራሉ።»

«ጎበዞች። በየት በኩል ነው የምታልፉት?»

«እኔ ምን አውቄ! በሰማይ ነዋ! አባዬ በናትህ፣ አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»

እሱ እቴ! እስክሪብቶውን እየላሰ፣ «መሄጃ» ከሚለው ሥር አንድ በአንድ ጻፈና በማስመሪያ አሰመረበት። ከዚያ ወደ ጎኑ ዓምድ ተሻገረ።

«መመለሻውስ?» አለ ቀና ሳይል።

ዚፑን ለቀቀችው። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ትኬት የመሄጃ ብቻ ነበር። ለማንም አልነገረችም።

«ያው ነው» አለች። «አሥራ አራት ሰዓት ከሩብ።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ከጆሮው ላይ እርሳስ አውርዶ፣ ለላጲስ እንዲመች በስሱ ጻፈው።